ለእህቴ ልጅ የሚሆን የጥልፍ ማሽን

ስለ ማሽን ጥልፍ የተናገርኩትን ሁሉ ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ዛሬ ሰሚት ውስጥ ቀና ብዬ አልሄድም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በእጄ ጠልፌያለሁ። የሙሽራ ቀሚስ አንገት፣ የክርስትና ልብስ፣ የነጠላ ጫፍ፣ ሁሉንም በመርፌና በክር። አንዲት ደንበኛ መጥታ «እዚያ ማዶ ያሉት እኮ በማሽን በአንድ ቀን ያደርሱታል» ካለችኝ፣ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ፣ መነጽሬን ከፍ አድርጌ፣ «የኔ እመቤት፣ እሱ ጥልፍ አይደለም፤ ህትመት ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ነው። ልጅሽን ማስታወቂያ አልብሰሽ ልትድሪያት ነው?» እላት ነበር። ሴትዮዋ ትደነግጥና ጨርቋን ጥላልኝ ትሄዳለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት።

ምክንያቱም ዓይኔ ደከመ። ነጭ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ይጠፋብኛል። አረንጓዴና ሰማያዊ ከሰዓት በኋላ ተመካክረው አንድ ቀለም ይሆኑብኛል። የመርፌ ቀዳዳውንማ ተዉት። ክሩን በምራቄ አሹዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ስሞክር በግራ ያልፋል፣ በቀኝ ያልፋል፣ በቀዳዳው ብቻ አያልፍም። መነጽር ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሐኪሙ «እናቴ፣ መነጽሩ ይበቃዎታል፤ ሥራውን ይቀንሱ» አለኝ። እናቴ ያለኝ ሰውዬ ፀጉሩ ከኔ ይበልጥ ሸብቷል። ተናድጄ ወጣሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ባሌ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ በፈረቃ ነው የሚሠራው፤ ቤት ሲገባ የራሱ ዓይን በእንቅልፍ ተከድኖ ስለሆነ የኔን የሚያይበት ጊዜ የለውም። ደንበኛ ደግሞ ጨርሶ መስማት የለበትም። ጥልፍ ሠሪ ዓይኗ ደከመ ማለት የታክሲ ሹፌር ዓይኑ ደከመ ማለት ነው። ማን ይሳፈራል? ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ የምወደውም የለኝም። ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጨርቅ ጭኔ ላይ ካላረፈ፣ ቀኑ የሌላ ሰው ቀን ይመስለኛል።

ያስደነገጠኝ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ነው። የአንገቱን ግራ በአረንጓዴ፣ ቀኙን በሰማያዊ ጠልፌ አስረከብኩ። የሙሽራዋ እናት በሩ ጋ ቆማ ቀሚሱን ዘረጋችው። እኔም በፀሐይ ብርሃን ጉዴን ቁልጭ አድርጌ አየሁት።

«ይሄ… ዲዛይን ነው?» አለችኝ።

«እንዴታ! አዲስ የመጣ ዲዛይን ነው» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

በወሩ ሦስት ሴቶች ያንኑ ዲዛይን ሊያሠሩ መጡ። አንደኛዋማ «አደራ፣ ሰማያዊው በቀኝ መሆኑን እንዳትረሺ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሰው ቢሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን ፈራሁ። ስህተቴ አንዴ ፋሽን ሆነልኝ። ሁለተኛው ግን ስህተት ብቻ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። «በጣም ንጹሕ ያገለገለ የልብስ ስፌትና የጥልፍ ማሽን። ባለቤቷ ወደ ውጭ ስለምትሄድ በአስቸኳይ። አትላስ።» ስልኬ ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቻናል አለ፤ የምከፍተው ለመግዛት ሳይሆን ለመሳደብ ነው። በዚህ ከተማ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሊሄድ ነው። ያ ሁሉ ሰው እውነት ቢሄድ ኖሮ የታክሲ ሰልፍ ባልኖረ! ይህንንም ሰድቤ ዘጋሁት። ከዚያ ከፈትኩት። ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ሽሮ እያማሰልኩ ከፈትኩትና ሽሮው አረረ።

ብቻዬን መሄድ አልፈለግሁም፤ ዋጋ መከራከር አልችልበትም። ዋጋ የሚያወርድ ሰው ግን አለኝ። ጓደኛዬ የወሎ ልጅ ናት፤ ከብሎካችን ሥር ከባሏ ጋር ሱቅ አላት። በየጠዋቱ ሱቁን ለባሏ ትታ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዛ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ትወጣልኛለች። ስታወራ እጇ አያርፍም። መርፌ የምሰካባትን ትንሽ ትራስ ወደ ራሷ ትስብና መርፌዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ክር ታስገባባቸዋለች።

«ተይ እንጂ፣ እንግዳ አይደለሽም እንዴ?» እላታለሁ።

«አብሽሪ፣ ወሬ ከእጅ ጋር ነው የሚጥመው» ትለኛለች።

አሥራ አምስት፣ ሃያ መርፌ ክር አስገብታበት ትሄዳለች፤ ለቀኑ ይበቃኛል። እኔም እጇ ሥራ ፈቶ መቀመጥ የማይወድ ሴት እግዜር ስለላከልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ አልፌ አስቤ አላውቅም።

ማስታወቂያውን ሳሳያት «ለማን ነው?» አለችኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት «ለእህቴ ልጅ» የሚል ወጣ።

«ለየትኛዋ?»

«ለትልቋ።»

«ለዚያች ባንክ ለምትሠራዋ? ቁልፍ ሲወልቅባት ላንቺ ለምትልክልሽ?»

«ልትማር ነው! ሰው አይማርም እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት።

ሻይዋን ፉት አለችና «አላህ ያሳካላት» አለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ውሸት እያደር ወፈረ። አትላስ እስክንደርስ ድረስ የእህቴ ልጅ ከባንክ ለቃ፣ ቤት ተከራይታ፣ ሁለት ሠራተኛ ልትቀጥር ነበር።

የሄድነው ረቡዕ ነው፤ ረቡዕን የመረጠችው እሷ ናት። ሚኒባሱ ውስጥ ሕጓን ነገረችኝ። ዕቃውን ስታዪ አፍሽን ጠመም አድርጊ አለችኝ። የወደድሽውን ነገር በእጅሽ አትደባብሺው አለችኝ። ዋናው ግን፣ ቤታቸው ገብተሽ ምንም እንዳትቀምሺ አለችኝ።

«የሰው እህል ቀምሶ ዋጋ የሚቆርጥ የለም፤ ጉሮሮሽ ይያዛል። ረቡዕ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ጾመኛ ነኝ ትያለሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ጨጓራዬን ያመኛል።»

ጨጓራዋን አሟት አያውቅም፤ ድንጋይ ብትውጥ ይፈጭላታል። «በግማሽ ነው የማወርድልሽ፣ ወላሂ» አለች ጮክ ብላ። ወያላው ሳይቀር ዞር ብሎ በአክብሮት አያት።

ቤቱ በሁለት ሆቴሎች መካከል ተጨንቆ የቀረ አሮጌ ቪላ ነው። ከአንደኛው ሆቴል በጠራራ ፀሐይ ሙዚቃ ይጮሃል። በሩን የከፈቱልን አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ እናት ናቸው። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ እንደደበቁ ጉንጫችንን ስመው አስገቡን።

«ወደ የት አገር ነው የሚሄዱት፣ እማማ?» አልኳቸው ለወግ ያህል።

«ወዴት እሄዳለሁ ልጄ? የጻፈችው ልጄ ናት። ወደ ውጭ ትሄዳለች ካልተባለ ዕቃው የተሰረቀ ይመስላል ብላ ነው።»

ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ገለጥነው። ጓደኛዬ ወዲያው አፏን አጣመመች። ጣቷን በማሽኑ ጀርባ ላይ አሂዳ አቧራ ፈለገች፤ የለም። እግሩን ነካካች፤ አይወዛወዝም። ጨነቃት።

«ቀለሙ ነጭ ነው» አለች በቅሬታ። «ነጭ ይቆሽሻል።»

«ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ እስካሁን አልቆሸሸም» አሉ ሴትየዋ።

«ድምፁ ግን ይጮሃል።»

«ገና አልተከፈተም እኮ፣ ልጄ።»

እኔ ከቦርሳዬ ቁራጭ አቡጀዴ አወጣሁ። ማሽን የሚገዛ ሰው የራሱን ጨርቅ ይዞ ይሄዳል፤ የሻጭ ጨርቅ አይታመንም። ጓደኛዬ ጨርቁን ፍሬሙ ላይ ወጠረችው። ማሽኑ ላይ ቀድሞ የገባ ቀይ ክር ነበር። ሴትየዋ እጃቸውን ሳያወጡ በአገጫቸው አንዷን ቁልፍ አሳዩኝና ተጫንኳት። ያ ነገር ትር ትር ትር እያለ፣ ማንም ሳይነካው፣ አበባውን ከመሃሉ ጀምሮ እያዞረ ሠራው።

አበባው ሲያልቅ ጨርቁን ነጥቄ ገለበጥኩት። የጥልፍ እውነቱ ጀርባው ላይ ነው፤ ፊቱን ማንም ያሳምራል። ጀርባው ላይ የክር ቋጠሮ፣ የተጎተተ፣ የተዝረከረከ ነገር ፈለግሁ። ዓይኔ አልታመን ብሎኝ በጣቴ ዳሰስኩት። ንጹሕ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ህትመት እያልኩ የሰደብኩት ነገር ጀርባው ከኔ ይጠራል! ተናደድኩ። ፊቱ ግን የኔ ይበልጣል፤ ይህን ዛሬም አልለቅም።

«ደህና ነው… ለጀማሪ» አልኩ፣ አፌን እንደተባልኩት አጣምሜ።

ይህን ጊዜ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሆነ። ሴትየዋ ደስ ብሏቸው ተነሱ። «በሉ፣ ጾሙም ተፈታ። ቤቴ መጥታችሁ ሳትቀምሱ?»

ጓደኛዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔም «እኔ እንኳ… ዛሬ እስከ ማታ ልጾም አስቤ…» አልኩ።

«እስከ ማታ? ምን አድርገሽ ነው? ምን ያለ ኃጢአት ሠርተሽ ነው፣ ልጄ?»

ኃጢአቴ ፊት ለፊቴ ነጭ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እሱን አልናገርም። ጓደኛዬም ስለ ጨጓራዋ ጀመረች። «ለጨጓራማ የኔ ተልባ ፍቱን ነው!» አሉና ሳትጨርስ ቀደሟት። በጾም ምግብ ደግሞ ሙስሊምና ክርስቲያን አይለይም፤ የምታመካኝበት አጣች። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ስልሱ መጣ። የቤት ሠራተኛዋ አስቀምጣው ስትወጣ እኔና ጓደኛዬ ሞት እንደተፈረደበት ሰው ተያየን።

ሴትየዋ እጃቸውን ከነጠላው ያወጡት ለጉርሻ ነው። ለምን እንደሚደብቁት ያኔ ነው የገባኝ። ሁለቱም እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ አይደለም፣ ከክርናቸው ጀምሮ ነው። የጠቀለሉትን ወደ ጓደኛዬ አፍ ሲወስዱት ሽሮው ግማሹ አገጯ ላይ ቀረ። ጓደኛዬ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችላቸውና፣ ቀስ አድርጋ፣ ራሷ ወደ አፏ መራችው። አኘከች። ዋጠች።

«አንድማ ያጣላል» አሉ።

«እውነት ነው እማማ፣ ያጣላል» አለችና አፏን እንደገና ከፈተች። ያኔ ግማሹ ዋጋ፣ ሩቡም፣ የሩቡ ሩቡም እንደቀረ አወቅሁ።

በልተን ስንጨርስ ጥያቄያቸውን ጀመሩ። «እንግዲህ ማሽኑ ለማን ነው?»

«ለእህቴ ልጅ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ አራት።»

«ዓይኗ ደህና ነው?»

«ኧረ እንደ ንስር!» አልኩ። ለማሽኑ የምትመጥን ልጅ መሆኗን ማሳየቴ ነበር።

ሴትየዋ ነጩን ጨርቅ አንስተው ማሽኑን መልሰው ሸፈኑት። «እንግዲያው አልሸጥላትም።»

«እንዴት?»

«ዓይኗ ደህና የሆነች የሃያ አራት ዓመት ልጅ በእጇ ትማር። እኔም እንዳንቺ በእጄ ነበር የምጠልፈው፤ ጀርባውን ስትገለብጪው ነው ባለሙያ መሆንሽን ያወቅሁት። ማሽኑን የገዛሁት ዓይኔ ሲደክም ነው። አልቋል፣ ተቀመጪ ሲሉኝ ይሄ ይህን ሁሉ ዓመት አሠርቶኛል። አሁን እጄ እምቢ አለኝ፤ እሱስ እሺ። ማሽኑ ግን ሥራ የሚቀርባት ሴት ጋ ነው የሚሄደው። ልጄ ለምን አይሸጥም ትለኛለች፤ የማባርራቸው እኔ ነኝ። አራት ሰው አብልቼ ሸኝቻለሁ።»

እንግዲህ አስቡት። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረኝ። «ለኔ ነው» ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ሁሉ የሚመልስ አፍ፣ በዚያች ሰዓት ድዳ ሆነ። በሆዴ ማሽኑን፣ ሴትየዋን፣ ባንክ የምትሠራዋን ምስኪን የእህቴን ልጅ ሳይቀር እራገማለሁ። ቦርሳዬን አነሳሁ። «በሉ እንግዲህ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ቆምኩ።

ጓደኛዬ አልቆመችም። አገጯን በነጠላዋ ጠረገችና «እማማ፣ የእህቷ ልጅ እዚሁ ናት» አለች።

«የት አለች?»

«ይቺውልዎት፣ ቦርሳ ይዛ የቆመችው። እኔ በየጠዋቱ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት።»

የሆቴሉ ሙዚቃ ብቻ ይጮሃል። ፊቴ እሳት ሆነ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይንገረኝ? ሱቅ መጥተሽ ስኳር ብለሽ ጨው አንስተሽ ሄደሻል፤ ሁለቴ። ደግሞ ያ ሰማያዊና አረንጓዴ ዲዛይንሽ አለ አይደል?» አለችና እዚያው ሳቋ አመለጣት።

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ምን ቆርጦኝ! መርፌ የያዘችን ሴት ማን ደፍሮ?»

ሴትየዋም ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸውም ይንቀጠቀጣል። እኔ አልሳቅሁም። እንባዬ መጣ። ከንዴት ነው አልኳቸው። «ከንዴትም ይመጣል» አሉና እጄን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ነጩን ጨርቅ ገፈፉት።

«ክሩን አውጪው» አሉኝ። ቀዩን ክር ከመርፌው መዝዤ አወጣሁት። «አሁን አዲሱን በዚህ በኩል አሳልፊና ይህቺን ዝቅ አድርጊያት።» ከመርፌው ጎን ያለችውን ትንሽ ዘንግ በአውራ ጣቴ ዝቅ አደረግኳት። ቀጭ አለች። ክሩ በቀዳዳው አልፎ በወዲያኛው በኩል ወጥቷል። መልሼ አወጣሁትና ደገምኩት። አለፈ። ሰባት ጊዜ ሳልደግመው አልቀረሁም፤ ማንም ይበቃሻል አላለኝም።

ዋጋውን ማን ያንሳ? ጓደኛዬ ለወጉ ያህል ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ ስለ ዋጋው…» አለችና የሴትየዋን እጅ አየች። «…ተመጣጣኝ ነው» ብላ ጨረሰችው። የተባለውን ሰጠን። አንድ ካርቶን ሙሉ ክር መረቁልኝ፤ የመጀመሪያውን ሥራዬን አምጥቼ እንዳሳያቸው አስማሉኝ።

በኮንትራት ታክሲ ተመለስን፤ ማሽኑ በመካከላችን።

«በግማሽ አወርዳለሁ ያልሽው የት ደረሰ?» አልኳት።

«በሆዴ ነው ያለው፣ ከተልባው ጋር» አለችኝ።

ለደንበኞቼ መናገሩ ሌላ ጉድ ነበር። የመጀመሪያዋ «ማሽን? ህትመት ነው አላልሽም እንዴ?» አለችኝ። «ማነው ያለው?» አልኳት። «አንቺ!» አለችኝ። «እንግዲያው ተሳስቼ ነበር» አልኳት። ከሁለታችን ይበልጥ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ባሌም፣ ብሎኩም፣ ሰሚትም ያውቃል። ሥራው ግን አልቀነሰም።

አንድ ነገር ብቻ ሆዴን በላኝ። ማሽኑ በገባ በማግስቱ ጓደኛዬ እንደ ልማዷ ፔርሙሷን ይዛ መጣች። ተቀመጠች፤ ወሬ ጀመረች፤ እጇን ወደ መርፌዎቹ ትራስ ላከች። የትናንቶቹ መርፌዎች ክራቸው እንዳለ ነው፤ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም። እጇ ባዶውን ጭኗ ላይ ተመለሰ። ወሬው አልጥም አላት መሰለኝ፣ ሻይዋን ሳትጨርስ «ሱቁ ይጠብቀኛል» ብላ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋን እሰማለሁ። ሦስተኛ ፎቅ እስክትደርስ ጊዜ አለኝ። ከመርፌዎቹ ላይ ክሩን አንድ በአንድ መዝዤ አወጣና፣ ትራሷን እሷ በምትቀመጥበት በኩል አስቀምጥላታለሁ።